ከኋላ አራት ሜትር

የጋሽ ይመር ካሜራ ቪዲዮ ሲቀርጽ ከኋላው ያለውን ነገር ያቆማል። ከፊት የሚቀረጸው ሰው አራት ሜትር ላይ ከሆነ፣ ከኋላ አራት ሜትር ላይ ያለው ነገር ይቆማል። ሦስት ከሆነ ሦስት። በልብስ ሰፊ ሜትር ደጋግመን ለክተነዋል፤ ልዩነቱ ከአንድ ጣት አይበልጥም።

ካሜራው የተሠራው ለፎቶ ነው። ደሴ ውስጥ፣ ይመር ፎቶ ቤት፣ አሥር ዓመት ሙሉ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ኖሯል። ጋሽ ይመር ደንበኛውን ነጭ አቡጀዲ ፊት ያስቀምጡና "እንዳይንቀሳቀሱ" ይላሉ። እኔ ደግሞ ታትሞ የወጣውን በመቀስ እቆርጥ ነበር።

አንድ ቀን ተዋበ መጣ። ተዋበ ፊልም ካልሠራሁ ብሎ የተነሳ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ የፊልም ካሜራ ግን የለውም።

"ጋሽ ይመር፣ አሁን እኮ በፎቶ ካሜራ ነው ፊልም የሚሠራው" አለ። "ሌንሱ ይቀያየራል። ሰውየው ጥርት ብሎ ከጀርባው ያለው ድብዝዝ ይላል። ቁጭ የሲኒማ መልክ!"

"አሥር ዓመት ሰው አቁሜበታለሁ" አሉ ጋሽ ይመር። "አሁን ደግሞ ላስሮጥበት?"

ግን እሺ አሉ። ተዋበ ማስተዋል የምትባል ተዋናይ ይዞ መጣ። ቀረጻው እማማ ዙሪያሽ ግቢ እንዲሆን ተስማማን። እማማ ዙሪያሽ እኔ ኪራይ የምኖርባቸው ሴትዮ ናቸው፤ ሥራ ስሆን ልጄን ሩማናን የሚይዙልኝም እሳቸው ናቸው። ሩማና ያን ጊዜ አሥራ አንድ ወሯ ነበር። ትድሃለች፣ ይዛ ትቆማለች፣ አትሄድም።

የእኔ ሥራ የሌንሱን ቀለበት ማዞር ሆነ። ሰውየው ሲቀርብ ወይም ሲርቅ ምስሉ እንዳይደበዝዝ አንድ ሰው ቀለበቱን አብሮ ማዞር አለበት። የፎቶ ሌንስ ለዚህ አልተሠራም። ትንሽ ሲነካ ብዙ ይሄዳል፤ ዓይን ላይ የነበረው ጥራት ወደ ጆሮ ይሸሻል። ስለዚህ ማስተዋል የምትቆምባቸውን ቦታዎች በሜትር እለካና ቀለበቱ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አደርጋለሁ። አራት ሜትር ቀይ ነው። ሁለት ሜትር ሮዝ ነው።

ነገሩን መጀመሪያ ያየሁት በመጀመሪያው ቀን ነው። እማማ ዙሪያሽ ከኋላችን ቆመው ከጆግ ወደ ሳፋ ውሃ ይገለብጡ ነበር። ተዋበ "አክሽን" ሲል ውሃው በጆጉና በሳፋው መካከል ቆመ። እማማ ዙሪያሽም ቆሙ። አንድ ጠብታ ከሳፋው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብላ ቀረች። የሚወርደው ውሃ ድምፅ ግን አልተቋረጠም፤ እስከ መጨረሻው ይሰማ ነበር። ካሜራው ሲጠፋ ጠብታዋ ወረደች።

"እማማ፣ ቆመው ነበር እኮ" አልኳቸው።

"መቼ ተቀምጬ አውቃለሁና ነው?" አሉኝ።

የተቀረጸውን ስናየው ማስተዋል እየተናገረች ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ አዘነበለች፤ ጆግ የያዘች ትመስል ነበር።

"ይህን እኔ አላዘዝኩሽም" አላት ተዋበ።

"እኔም አላደረግኩትም" አለች ማስተዋል።

በሦስተኛው ቀን ነገሩ ለሁላችንም ገባን። ካሜራው ማቆም እንጂ ማንቀሳቀስ አያውቅም። ከፊት ላለው ሰው እንቅስቃሴ ለመስጠት ከኋላ ካለው ይወስዳል። አንድ ጊዜ የያዘውን እንቅስቃሴ ደግሞ ሳይጨርሰው አይለቅም። ድምፅ አይነካም። ድምፁን ለብቻው በመቅጃ ነበር የምንይዘው። ይህን ካወቅን በኋላ ሰው ከኋላ እንዳይቆም ከለከልንና የእማማ ዙሪያሽን አንዲት ቀይ ዶሮ በቅርጫት አስቀመጥን። በእነዚያ ትዕይንቶች ላይ ማስተዋል አንገቷን ሰበቅ ሰበቅ ታደርጋለች። ተዋበ ወደደው።

ደግነቱ ካሜራው አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲሞላው በራሱ ይጠፋል። የፎቶ ካሜራ ስለሆነ ከዚያ በላይ እንዲቀርጽ አልተፈቀደለትም። ሲጠፋ ዶሮዋ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ተዋበ ግን የፊልሙን መጨረሻ ሳይቆራረጥ አሥራ አምስት ደቂቃ መቅረጽ ፈለገና ገደቡን የሚያነሳ ፕሮግራም ከሆነ ቦታ አምጥቶ ጫነበት። ለሙከራ አሥራ አራት ደቂቃ ቀረጽን።

ዶሮዋ አልተመለሰችም። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ገላዋ ይሞቃል፣ ምንቃሯ ወደ ጣሳው እንዳጎነበሰ ነው። ምንቃሯ ጣሳውን የሚመታበት ድምፅ ለሦስት ቀን ያህል ግቢው ውስጥ ሲዘዋወር ተሰማ፤ ከዚያ ጠፋ።

"ምን አደረጋችኋት?" አሉ እማማ ዙሪያሽ።

"ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ የተወሰደ አይመለስም ማለት ነው" አሉ ጋሽ ይመር። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

የመጨረሻው ትዕይንት የተቀረጸው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ማስተዋል በማግስቱ ለሥራ ወደ ቤይሩት ትበራለች፤ ከዚያ ቀን ሌላ ቀን አልነበረም። ትዕይንቱ ይህ ነው፦ አንዲት እናት ደጃፏ ላይ ወንበር አውጥታ ልጇን ትጠብቃለች። አሥራ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ከዚያ የሆነ ነገር አይታ ትነሳና ወደ እኛ ትራመዳለች። ወንበሩ አራት ሜትር ላይ ነው። የምትደርሰው ሁለት ሜትር ላይ ነው።

ከኋላ አራት ሜትር ላይ ዶሮ ሳይሆን ፊቱን ግራና ቀኝ የሚያዞር ባለዘንግ ቬንትሌተር አስቀመጥን። የቬንትሌተር እንቅስቃሴ ቢወሰድ የሚያዝን የለም። እማማ ዙሪያሽ ሩማናን ይዘው ከቬንትሌተሩም ራቅ ብለው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ።

"እማማ፣ አደራ እንዳትለቋት" አልኩ።

"ሂጂ ወደዚያ፤ አሥር ወልጄ ነው ያሳደግኩት" አሉኝ።

ሩማና ጢጥ ጢጥ የሚል ጫማ አድርጋ ነበር። የት እንዳለች በድምፁ እንዳውቅ ብዬ ነው የገዛሁላት። ገና ስለማትሄድ ግን ተቀምጣ መሬት ስትመታበት ብቻ ነበር የሚጮኸው።

"አክሽን" አለ ተዋበ።

ማስተዋል ተቀመጠች። ቬንትሌተሩ ቆመ፤ ኡኡታው ግን ቀጠለ። ማስተዋል ፊቷን ቀስ ብላ ወደ ግራ አዞረች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ። መንገድ የምታይ እናት ትመስላለች። ጣቴን ቀዩ ምልክት ላይ አድርጌ በካሜራው ጀርባ ምስሉ የሚታይባትን ትንሿን መስኮት አያለሁ። አምስት ደቂቃ። ዘጠኝ ደቂቃ። አሥራ ሁለት አለፈ። ካሜራው አልጠፋም፤ መጋል ጀመረ።

አሥራ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። ያወቅነው የጎረቤት ሬዲዮ ዝም ሲል ነው። የቬንትሌተሩ ኡኡታም እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ማስተዋል ፊቷ ወደ ቀኝ እንደዞረ ቀረች።

ተዋበ ጆሮዬ ሥር "ቀጥይ፣ እንዳትነኪው" አለኝ።

ከኋላዬ ጢጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማማ ዙሪያሽ ጫማውን እየመቱ የሚያጫውቷት መሰለኝ።

ማስተዋል ተነሳች። ስትነሳ ወንበሩን በአንድ እጇ ይዛ ነበር፤ ከዚያ ለቀቀችው። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አድርጋ፣ እግሯን ሰፋ አድርጋ፣ አንድ እርምጃ ሄደች። ጢጥ። ተንገዳገደች፣ አልወደቀችም። ሁለተኛ። ጢጥ። ቀለበቱን ከቀዩ ወደ ሮዙ አብሬያት አዞርኩ። ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት ናት፤ ፊቷ ላይ ግን ጥርስ የሌለው ሳቅ ነበር፤ ዓይኗ ሌንሱን ሳይሆን እኔን ያይ ነበር። ጫማው በእያንዳንዱ እርምጃ ጢጥ ይላል፣ ድምፁም ወደ ጀርባዬ እየቀረበ ይመጣል። ሰባት እርምጃ ሄደች። አንዴም አልደበዘዘችም። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ ቀለበት አዙሬ አላውቅም።

"ካት!" አለ ተዋበ። እንባው ወርዷል። "ማስተዋል! ምንድን ነው ያደረግሽው?"

"እኔ እንጃ" አለች ማስተዋል። "ጉልበቴ የሚያውቀው አካሄድ አይደለም።"

ዞርኩ። አጠገቤ ማንም አልነበረም። እማማ ዙሪያሽ ቆጣሪው ጋ ቆመው ፊውዙን ይነካካሉ። ሩማና አራት ሜትር ላይ ናት። እየዳኸች ቬንትሌተሩ ጋ ሄዳ፣ ዘንጉን ይዛ ቆማ፣ ለቅቃው ነበር። ሁለት እጇ ወደ ላይ ነው። አንድ እግሯ ተነስቷል። አልወደቀችም።

"በስመአብ!" አሉ እማማ ዙሪያሽ። "አሁን እኮ ነው፣ ዘወር ብል…"

ተንበርክኬ ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደረግኩ። ልቧ ይሰማል። ደረቷ አይነሳም። ገላዋ ይሞቃል። ቦታዋ እንዳይዛነፍ ስለፈራሁ አላነሳኋትም።

ከዚያ ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አወለቁ።

"ተዋበ፣ ቪዲዮው ላፕቶፕህ ላይ ይገለበጣል?"

"ይገለበጣል።"

"እንግዲያው ካሜራውን ወደ ልጅቷ እናዞረዋለን። አራት ሜትር ላይ ናት፣ ለክተነዋል። ላፕቶፑን የማስተዋል ወንበር ላይ እናደርጋለን፣ እሱም አራት ሜትር ነው። ከአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ በኋላ አጫውተው። ከስክሪኑ ላይ ወስዶ ለልጅቷ ይሰጣታል።"

"ከስክሪኑ ላይ ወስዶ?" አለ ተዋበ። "ከፊልሙ ላይ ማለት ነው?"

"ከፊልሙ ላይ።"

ተዋበ ሩማናን አየ፣ ላፕቶፑን አየ። "ጋሽ ይመር፣ ሁለት ዓመት እኮ ነው የለፋሁበት። ማስተዋል ነገ የለችም። ሌላ መንገድ እንፈልግ፣ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ…"

"ዶሮዋን ስንት ቀን ሰጠናት?" አልኩት።

ዓይኑን ከላፕቶፑ ወደ ሩማና መለሰ።

"መልስላት" አለች ማስተዋል። "የእኔ አልነበረም።"

ሜሞሪውን ራሱ አውጥቶ ገለበጠ። መብራት አልመጣም። የላፕቶፑ ባትሪ አሥራ ዘጠኝ ከመቶ ነበር። ካሜራው ገና አልቀዘቀዘም፤ ስይዘው መዳፌን ፈጀኝ። ትራይፖዱ ላይ አዞርነውና ቀለበቱን ቀዩ ላይ አደረግኩ። ሩማና በትንሿ መስኮት ውስጥ ጥርት ብላ ታየች። ሌሎቹ ሁሉ ከኋላው መስመር ራቁ። ተዋበ ብቻ ወንበሩ ጎን መሬት ላይ ተኝቶ አንድ ጣቱን ቁልፉ ላይ አደረገ።

መቅረጽ ጀመርን። ከኋላ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ካሜራው ምንም አልወሰደም። አራት ደቂቃ። ሰባት ደቂቃ። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ሩማና መወዛወዝ ጀመረች። እግሯ አልተንቀሳቀሰም፤ መላ ገላዋ ከላይ እስከ ታች እየተጠቀለለና እየተዘረጋ ነው የሚወዛወዘው። ሰው እንዲህ አይወዛወዝም።

"መጋረጃው!" አልኩ። "በሩ ላይ ያለው መጋረጃ! አንድ ሰው ይያዘው!"

ማስተዋል በጎን ሄዳ ከበሩ ጀርባ እጇን አስገብታ መጋረጃውን ወደ ውስጥ ሳበችው። ሩማና ረጋች። አሥራ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነበር። መስኮቷ ጥግ ላይ ቀይ የሙቀት ምልክት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

"ጋሽ ይመር፣ ቀይ አብርቷል።"

"አየሁት። በርቺ ልጄ።"

አሥራ ሁለት አለፈ። "አሁን" አልኩ።

ተዋበ ቁልፉን ተጫነ።

የሩማና እግር ወረደ። አንድ። እጆቿ ወደ ላይ ናቸው፤ አፏ ሳቅ ነው። ሁለት። ተንገዳገደች፣ አልወደቀችም። ጫማዋ ምንም ድምፅ አላሰማም፤ ድምፁ ቀድሞ ወጥቷል። ሦስት። ቀለበቱን ከቀዩ ወደ ሮዙ አብሬያት አዞርኩ። አራት። አምስት። ስድስት። ሰባተኛውን ልትራመድ እግሯን ስታነሳ መስኮቷ ጠቆረ።

ካሜራው ጠፋ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ።

ሩማና ቁጭ ብላ ወደቀችና አለቀሰች። አነሳኋት። ደረቷ ይነሳል፣ ይወርዳል። እማማ ዙሪያሽ መሬቱን ሳሙ።

ካሜራው ከዚያ ቀን በኋላ አልበራም። ጋሽ ይመር ሌላ ገዙ፤ ያው ዓይነት፣ ያው ሌንስ። ከኋላው ምንም ነገር አያቆምም። ሁለት ሳምንት ሞክረን ተውነው።

ላፕቶፑ ላይ ያለው የፊልሙ መጨረሻ ተለወጠ። ማስተዋል ትነሳለች፣ እጆቿን ወደ ላይ ታደርጋለች፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ለረጅም ጊዜ አትንቀሳቀስም። ከዚያ አንድ እርምጃ ትራመዳለች። አንድ ብቻ።

"እንዲያውም ይሄ ይሻላል" አለ ተዋበ፣ ከወራት በኋላ ፊልሙን አዘጋጅቶ ሲያሳየኝ።

"እሱ እርምጃ የሩማና ነው" አልኩት።

"አንዲት እርምጃ እኮ ናት ዘይነባ። ልጅሽ አሁን ትሮጥ የለ? ካልሽኝ ግን አጠፋዋለሁ። ንገሪኝና አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።"

አልነገርኩትም። ቢጠፋ እርምጃዋ ወደ ልጄ ትመለስ ወይም ለዘላለም ትጠፋ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጋሽ ይመርን ጠየቅኳቸው። "እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ ልጄ" አሉኝ።

ፊልሙ መጀመሪያ የታየው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በከተማው አዳራሽ ነው። እኔ አልሄድኩም። ሩማና ግቢ ውስጥ ኳስ ታባርር ነበር። አሥር ሰዓት ከሃያ ሲሆን እግሯን እንዳነሳች ቆመች። አንድ እርምጃ የሚፈጀውን ያህል ቆማ ቀጠለች። ሰዓቱን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ማታ ተዋበ ደወለና መጨረሻው ላይ ሰዉ ሁሉ ፀጥ ማለቱን ነገረኝ። ስንት ሰዓት እንደነበር ጠየቅኩት። ያው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ለብቻዋ እንዳትወጣ፣ አስፋልት ላይ እጇን እንዳልለቅ፣ ውሃ አጠገብ እንዳትቆም አደረግኩ። ፊልሙ በወር አንዴ፣ ሁለቴ ነበር የሚታየው። ይቻላል።

ባለፈው ሰኞ ተዋበ ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ ጫነው። ሳይነግረኝ ነው፤ ግን አወቅኩ። ሰኞ አራት ጊዜ ቆመች። ማክሰኞ ሃያ ስድስት። ረቡዕ መቁጠር አቃተኝ፤ እየቆመች፣ እየቀጠለች፣ እየቆመች ነበር የምትሄደው። ለእሷ ምንም አይደለም። እየሳቀች ትቆማለች፣ እየሳቀች ትቀጥላለች።

ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ወደ እኔ ስትመጣ ቆመች። አንድ እርምጃ የሚፈጀው ጊዜ አለፈ። አልቀጠለችም። ሁለት ደቂቃ ጠብቄ ለተዋበ ደወልኩ።

"አሁን ስንት ሰው እያየው ነው?"

"አሁን? እኔ እንጃ፣ ብዙ ነው… ሦስት ሺህ አልፏል። ምነው ዘይነባ?"

"አንዱ አቁሞታል።"

"አቁሞታል ማለት?"

"እርምጃው ላይ አቁሞት ተነስቷል። ስልክ ተደውሎለት ይሆናል። በር ተንኳክቶበት ይሆናል።"

"የትኛው ሰው?"

"እሱን ነው የምጠይቅህ።"

"ላውርደው? አሁኑኑ ላውርደው?"

"ቢወርድ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም። ተወው" አልኩና ስልኩን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

ዘጠኝ ደቂቃ ሆነ። ከዚያ አሥር። አሁን አሥራ አንድ ሆኗል፤ አሥራ ሁለት ሊሞላ አንድ ቀርቷል። ፊት ለፊቷ ተንበርክኬ ሁለት እጄን ዘርግቻለሁ። እጆቿ ወደ ላይ ናቸው፤ እግሯ ከመሬት አንድ ጋት ከፍ ብሏል፤ ንፋስ አለ፣ ቀሚሷ ግን አይነሳም። ጫማዋ ጢጥ አለ። ከዚያ ደግሞ ጢጥ አለ፣ ትንሽ ቀረብ ብሎ። ድምፁ በተዘረጉት እጆቼ መካከል አልፎ፣ በጎኔ ዞሮ፣ ከኋላዬ ወደ ግቢው በር እየሄደ ነው።